ኮቴ ወደተከለከለበት ደን

ወላይታ ውስጥ፣ ሁምቦ ተራራ ላይ ደኑ የተመለሰው ኮቴ ስለተከለከለ ነው። እኔና የቢጠናው ወዳጄ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ኮርቻ ላይ ሆነን ልንዞርበት አሰብን። ነገሩ እርስ በርሱ ይጣላል፤ ዕቅዱን ያከበደውም፣ ለእኔ ያጣፈጠውም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ግን ሁምቦ አልነበረም። ቢጠና ላይ፣ በወዳጄ አባት ደጅ፣ ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ፣ "ከዚሁ ተነሥተን ወደ ብላቴ ቁልቁል እንጋልብ" አለ ወዳጄ። ልጅ ሳለ የዋኘበት ወንዝ ነውና ሌላ አቅጣጫ አይታየውም። አባቱ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"ፈረሱ የማን ነው?"

"የሰው ነው አባባ፣ ተከራይተን ነው።"

"እንግዲያው የሰው ንብረት ይዛችሁ ቆላ አትውረዱ። ዝንቡ እናንተን ነክሶ ይተዋችኋል። ፈረሱን አይተወውም።"

ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። አባባ የሚሉት የቆላ ዝንብ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሞች ፄፄ ይሉታል። የሚያስተላልፈው በሽታ ገንዲ ነው። ገንዲ የያዘው ከብት ይከሳል፣ ጠጉሩ ይቆማል፣ ከእርሻ ይወጣል፤ ፈረስ ሲይዘው ደግሞ አቅሙ ከበሬም ያነሰ ነው። በአባያ ሐይቅና በኦሞ በኩል ያለው ቆላ በዚህ በሽታ ስሙ የቆየ ነው። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ መንግሥት ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር ሆኖ፣ ወንዱን ዝንብ በጨረር እያመከነ በመልቀቅ ዘሩን ለማጥፋት ብዙ ደክሟል። እኔ በመንገድ ላይ የማየው ግን የገበሬውን መፍትሔ ነው። ደጋው ላይ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ ነው፤ ወደ ቆላ ሲወረድ ጀሪካን ተሸክማ የምትመጣው አህያ ናት።

ስለዚህ ከፍታ ፈለግን። ወላይታ ውስጥ ከፍታ ሲባል መጀመሪያ የሚነሣው ዳሞታ ነው፤ ሶዶ በግርጌው የተቀመጠችበት፣ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ። በደቡብ ምዕራብ ጎኑ ሞቸና ቦራጎ የሚባል ዋሻ አለ፤ ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ሰው የተጠለለበት መሆኑን አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ያወጧቸው የባልጩት መሣሪያዎች ይመሰክራሉ። ዳሞታን የተውኩት በአንድ ምክንያት ነው። መንገዱ በሰው ጓሮ ውስጥ ያልፋል። ወላይታ ሕዝብ የተጨናነቀበት አገር ነው፤ እንሰቱ፣ ጎዳሬው፣ ስኳር ድንቹ፣ ቡናው እስከ ተዳፋቱ ድረስ ተተክሎ፣ በፈረስ የሚያልፍ ሰው ከአጥር በላይ የሰው ቤት እያየ ነው የሚሄደው። ይህ ለእኔ ነውር ነው። ወዳጄ "ማን ይቆጣሃል?" ቢለኝም አልተቀበልኩትም።

ቀረ ሁምቦ።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አስፋልት ወርዶ ጠበላ ከተማ ለመድረስ ሃያ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ተራራው ከመንገዱ ይታያል። አሁን ያየው ሰው ድሮም እንዲህ የነበረ ይመስለዋል። እድሜያቸው የገፋ ሰዎች የሚነግሩት ግን ሌላ ነው። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል አልቆ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከገላጣው ገደል አፈርና ድንጋይ ይዞ በታች ባለው ማሳ ላይ ይወርድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ገበሬ ጋር በ2,728 ሄክታር ላይ ሥራ ጀመረ። ሥራው ችግኝ ተከላ ይመስለኝ ነበር፤ ችግኝ ተተክሏል፤ ግን ከመሬቱ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ያገገመው ከጉቶ ነው። ሥሩ ከአፈር ሥር ሕያው ሆኖ በየዓመቱ ያቆጠቁጥ ነበር፤ የሚያቆጠቁጠውን ደግሞ በየዓመቱ ፍየልና ከብት ይቀጥፈው ነበር። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኒጀር ውስጥ ያስፋፋው አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኘበት ሥራ ነው። ዘዴው ከቁጥቋጦው ጠንካራውን ቅርንጫፍ መርጦ ማስቀረት፣ ሌላውን መግረዝ፣ ከዚያም መጠበቅ ነው። ከባዱ መጠበቁ ነው። ከብቱን ወዴት ይውሰደው? ማገዶውን ከየት ያምጣው? ያንን ጥያቄ በየቤቱ ተወያይቶ የፈታው ገበሬው ራሱ ነው፤ ሽልማትና ካርቦን ሲነሣ የሚረሳውም እሱ ነው።

ካርቦኑም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው መጠነ ሰፊ የደን ፕሮጀክት ተብሎ። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲያስቀር ታሰበ፤ ከዚህ 165,000 ቶን የሚሆነውን ሊገዛ የተዋዋለው የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ደኑን ለሚያስተዳድሩት ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ክትክታው፣ ግራሩ፣ ብሳናው፣ ወይራው እንዲህ ነው ተመዝኖ የሚሸጠው፤ ሳይቆረጥ።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ስለ ዕቅዱ በስልክ ስነግረው "የመንግሥት ደን አይደል እንዴ? ማን ይከለክልሃል?" አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ክፋት የለውም፣ ታሪክ አለው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱ የሕዝብ ሲባል ጋራውና ደኑ በተግባር የመንግሥት ሆነ። የመንግሥት የሆነው ደግሞ የማንም አልሆነም። በ1983 ዓ.ም. አዋጁን ያወጣው ሥርዓት ሲፈርስ በየአገሩ መጥረቢያ የተነሣው መጀመሪያ በዚያ ደን ላይ ነበር። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065፣ ደንን በግል፣ በማኅበረሰብ፣ በማኅበርና በመንግሥት ይዞታ ለይቶታል። ሁምቦ ላይ የመጠቀም መብቱ የማኅበራቱ ነው። ስለዚህ ለጓደኛዬ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ የሚከለክለኝ ባለቤቱ ነው።

ባለቤቱን ልንጠይቅ ሄድን። ከጠበላ በእግር ወጥተን ጫፉ ላይ ያገኘነው የደን ጠባቂ ገና ወጣት ነው፤ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ወደ እኛ መጣ።

"ጋሼ፣ በእግር ከሆነ ችግር የለም" አለኝ ሐሳባችንን ከሰማ በኋላ። "ማኅበሩ ቢሮ ትነግራላችሁ፣ ከእናንተ ጋር አንድ ሰው ይመደባል።"

"በበቅሎ ከሆነስ?"

ትንሽ አሰበ። "በቅሎዋ ምን ትበላለች?"

ከጠየቅናቸው ሰዎች ሁሉ ጥያቄውን በትክክል ያነሣው ይህ ልጅ ብቻ ነው። ሌላው ሰው የጠየቀን ስለ እኛ ነበር፤ መውደቅ እንዳንፈራ፣ ውኃ እንድንይዝ፣ ኮፍያ እንድናደርግ። እሱ ግን የጠየቀው ስለ ቡቃያው ነው። በቅሎ ስትራመድ አንገቷን ዘርግታ ከመንገድ ዳር ትቀጥፋለች፤ ባህሪዋ ነው። ቀጥፋ የምታልፈው ቅጠል ደግሞ የተመረጠው፣ የተገረዘው፣ የተጠበቀው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታውን ደረደረልን። አፏ ይታሰር። ከተጠረገው መንገድ አትውጣ። እሳት አይነድ፣ ለቡናም ቢሆን። እረፍት የሚደረገው ከደኑ ውጭ፣ መኖዋን ከፊቷ አስቀምጦ። ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ደግሞ መውጣት ነው፤ ጅቡ ተመልሷል፣ ነብርም አይተናል የሚሉ አሉ፣ ጅብ ደግሞ የጋማ ከብት ሥጋ ይወዳል።

"መኖስ ከየት እናምጣ?" አልኩት።

"እኛው ጋ አለ! ሣሩን አጭደን እንሸጣለን፤ አባላቱ በተራ ነው የሚያጭዱት። ከብት አይገባም እንጂ ሣር ይወጣል።"

በቅሎ ማለት የጀመርነው ሳናስበው ነው። ዕቅዱ የተጀመረው በፈረስ ነበር። ግን የድሮ ሰው ለጦር ፈረስ፣ ለመንገድ በቅሎ የሚለው ያለ ነገር አይደለም። ፈረስ ሜዳ ይፈልጋል። በቅሎ ጠባብ የገደል መንገድ ላይ እግሯን የት እንደምታሳርፍ ራሷ ታያለች፤ ሰጋር ከሆነች ደግሞ ወገብ አታደቅም። የመኳንንቱ ሥርዓትም ይኸው ነበር። ጌታው በበቅሎ ይጓዛል፣ ፈረሱ ተጎትቶ ይከተላል፣ ውጊያ ሲደርስ ይቀየራል። ስሙን ግን የሚወስደው ከፈረሱ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ለበቅሎ ምስጋና የለም። እኔ ይህን ግፍ ነው የምለው።

አባ ዳኘው የሚለው ስም ወላይታ ላይ ሲነሣ ሌላም ትዝታ ያስከትላል። በ1887 ዓ.ም. ምኒልክ ከብዙ ሺህ ጦር ጋር የገባው በዚሁ አገር ነው፤ ለዓድዋ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሲቀረው። የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ከዘመቻው ጋር አብሮ የተጓዘው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሃይም ያየውን በኋላ በመጽሐፍ አሳትሞታል፤ ለማንበብ የሚከብድ መጽሐፍ ነው። ፈረስ የክብር ምልክት ነው ብሎ በደፈናው የሚጽፍ ሰው በማን ደጅ ላይ እንደጋለበ ማስታወስ አለበት። ወላይታ ግን ፈረስን አልጠላም። በጊፋታ፣ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ በሚውለው የዘመን መለወጫ፣ ዱንጉዛ የለበሱ ፈረሰኞች ሜዳ ላይ ሲወጡ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። አዊ ላይ ደግሞ ጥር 23 ቀን እንጅባራ የሚሰበሰበው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ ብዛቱን ስሰማ እቀናለሁ።

ወዳጄ ጉዞው በጊፋታ ሰሞን እንዲሆን ፈልጎ ነበር። አልሆነም። ክረምቱ ሲያልቅ፣ መሬቱ ገና ርጥብ ሳለ፣ በትናንሽ ነካሽ ዝንቦች የሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚበረታበት ወቅት ነው፤ መንገዱም ያንሸራትታል። የበልጉ ዝናብ ደግሞ መጋቢት ላይ ይጀምራል። የሚቀረን ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ነው። ማለዳው ብርዳማ፣ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሣሩ የደረሰበት ጊዜ።

እንስሳ ፍለጋው ረጅሙ ክፍል ነበር። አዲስ አበባ ቢሆን እንጦጦ ፓርክ ሄዶ ለፈረስ መክፈል ይበቃል። ባሌ ዲንሾ ላይም ፈረስ አከራዮችና አስጎብኚዎች በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ። እኛ ግን ሰው በሰው ነው የፈለግነው። መጀመሪያ የቀረቡልን የጋሪ ፈረሶች ናቸው። ሶዶም ቦዲቲም አረካም ባጃጅ ገበያውን ሳይወስደው በፊት የከተማው ትራንስፖርት እነሱ ነበሩ፤ አሁን የቀረላቸው ሲሚንቶና እህል ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲጎትት የከረመ ፈረስ እሑድን ለእኛ ይሥራ ማለት አልዋጥልህ አለኝ። አንዱን ዳማ ባለቤቱ እያሞገሰ ሲያሳየን ግላሱን አንሥቼ ጀርባውን አየሁት። ጫንቃው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁስል ነበር። በአካባቢው ለጋማ ከብት ደኅንነት የሚሠራው ብሩክ የተባለው ድርጅት የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ከጌጡ በፊት ጀርባውን እዩ፣ ጠፍሩ የሚያርፍበትን ዳብሱ፣ ልጓሙ የሚነካውን የአፉን ጥግ ተመልከቱ፣ አራቱንም ኮቴ አንሡ።

ከዚያ የክብደት ነገር መጣ። በዓለም ላይ ፈረሰኞች የሚከተሉት ልማዳዊ ልክ አለ፤ ጋላቢው ከነኮርቻው ከእንስሳው ክብደት አንድ አምስተኛ አይለፍ። የአገራችን ፈረስ ደቃቃ ነው። 250 ኪሎ ቢመዝን ልኩ 50 ኪሎ ነው። ወዳጄ ብቻውን፣ ያለ ኮርቻ፣ ከክትፎና ከዳጣ በፊት፣ ከ80 በላይ ነው። ስሌቱን ስነግረው ለረጅም ጊዜ አላናገረኝም። ልኩን በጥብቅ ከያዝን እሱም እኔም አንቀመጥም፤ ልቅ ካደረግነው ደግሞ ያ የጫንቃ ቁስል የእኛ ሥራ ይሆናል። የተስማማነው መሐሉን ነው። ለጥ ባለው ላይ እንቀመጣለን፤ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ወርደን እንስባለን፤ በየሰዓቱ ጠፍሩ ላልቶ ያርፋሉ። በዚህ አካሄድ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ከሄድን ጥሩ ነው። ግልቢያ የሚለው ቃል ከዕቅዱ ወጣ።

ስለ እርካብ አንድ ነገር ላክል። የድሮው የእኛ ፈረሰኛ ባዶ እግሩን ነበር፤ እርካቡም ጠባብ ቀለበት ሆኖ የሚይዘው አውራ ጣቱን ብቻ ነው። ዛሬም በገጠር እንዲህ ያለ እርካብ ያለው ኮርቻ ይገኛል። ጫማ ለብሶ የሚወጣ የከተማ ሰው እግሩን ሊያስገባበት አይችልም፤ ካስገባም አይወጣለትም። ሰፊ እርካብ ያለው ኮርቻ ከሶዶ በውሰት አገኘን።

በመጨረሻ በቅሎዎቹ የተገኙት ከጠበላ በላይ ባለው ደጋ፣ ከአንድ አዛውንት ዘንድ ነው። ሁለት ናቸው፤ አንዷ ቡላ፣ አንዷ ጥቁር። ጀርባቸው ንጹሕ ነው። አዛውንቱ ግን ቀላል ሰው አልነበሩም።

"ልጄ፣ በቅሎ ለማላውቀው ሰው አልሰጥም" አሉኝ።

"አባባ፣ ከፈለጉ መያዣ እናስቀምጣለን።"

"መያዣው ምን ያደርግልኛል? አብሬያችሁ እመጣለሁ።" ቆየት ብለው ወደ ተራራው እያዩ ጠየቁ። "እነዚያ ልጆች ያስገቡናል?"

ልጅ ሳሉ ከብት የጠበቁት እዚያ ነው። ከታጠረ ወዲህ በውጭ በኩል እንጂ በውስጡ አልፈው አያውቁም። የጠባቂውን ቅድመ ሁኔታ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አፍ ማሰሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መንገዱን አለመልቀቁን ሲሰሙ "ይሁን" አሉ። ሣር እንደሚሸጥ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"ስንት ሸክም ይሰጣሉ?"

በዕቅዱ ላይ ያለው እንዲህ ነበር። ማለዳ 12 ሰዓት ከአዛውንቱ ደጅ መነሣት፤ 2 ሰዓት ተኩል ማኅበሩ ቢሮ፤ 3 ሰዓት በሚመደብልን ሰው መሪነት መግባት፤ በ6 ሰዓት ማዶ ወጥቶ ውኃ ማጠጣትና ምሳ፤ ቆሎ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ጎዳሬ። ከዚያ በተዳፋቱ ጠርዝ ዞሮ 10 ሰዓት ሳይሞላ ጠባቂው ዘንድ መድረስ፣ በበቅሎ ወደ ደጋው መመለስ። የመጨረሻዋ መስመር በእሳቸው ጥያቄ ምክንያት ተሰረዘች። በቅሎዎቹ ሲመለሱ ሣር ይጭናሉ፤ ሁለት ሁለት ሸክም፣ በእኛ ገንዘብ፣ ከኪራዩ ላይ ተጨማሪ። እኛ በእግራችን ከኋላ እንከተላለን።

ወዳጄ አልቻለም። "አባባ፣ በእግራችን ከሄድን ታዲያ ኪራዩ ይቀነስልን እንጂ!"

አዛውንቱ የጥቁሯን አንገት እየዳበሱ "መጫኛ ገመዱንም እናንተ ታመጣላችሁ" አሉት። "የእኔ አርጅቷል።"